ሲበላሽ ማን ይጠየቃል? ዴስክቶፕ ስለ መግዛትና ስለ መገጣጠም

 

የጋበዙኝ ወጣቶች ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ማስታወቂያ የሚሠሩ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚማሩ ናቸው። በግብዣው ደብዳቤ ላይ ያሰፈሩልኝ ጥያቄ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ለሥራችን የሚሆን ዴስክቶፕ ገዝተን እንግባ ወይስ ዕቃውን ለቃቅመን እናስገጥም?» ጥያቄው አጭር ስለ ሆነ መልሱም አጭር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ «ብራንድ ብቻ!» ይላል፤ ሌላው «ክሎን አሠራ፣ ብርህን አትበትን» ይላል። ሁለቱም እየማሉ ነው የሚናገሩት። እኔ ዛሬ ለየትኛውም አልምልም።

ንግግሬ የሚሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል? ይህን ደጋግሜ ስለማነሣው አትሰልቹብኝ። መጀመሪያ ስለ ሥራችሁ ዓይነት እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ስለ ተጠያቂው፤ ከዚያ ስለ መብራታችንና ስለ ከተማችን አየር፤ መጨረሻ ላይ ስለ ገበያው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። «የተገጣጠመ ኮምፒውተር የአቅመ ቢስ መላ ነው» የሚል አነጋገር በየቢሮው እሰማለሁ። ታሪኩ እንዲህ አይልም። በ1975 እ.ኤ.አ. አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒውተር ሲሸጥ ገዢው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ዕቃውን ተበታትኖ ከወሰደ 439 ዶላር፣ ተገጣጥሞ ያለቀለትን ከፈለገ 621 ዶላር። በዓመቱ ስቲቭ ጆብስና ስቲቭ ዎዝኒያክ አፕል 1ን ይዘው ሲመጡ፣ ባይት ሾፕ የሚባለው መደብር ባለቤት ፖል ቴሬል «50 እገዛለሁ፤ ነገር ግን ተበይዶ ያለቀ ቦርድ ካመጣችሁልኝ ነው» አላቸው። እንደዚያም ሆኖ ኬዙን፣ ኪቦርዱንና ፓወር ሳፕላዩን የሚፈልገው ገዢው ራሱ ነበር። ዛሬ ብራንድ ብለን የምናከብረው ዴልም ቢሆን በ1984 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መሥራቹ ማይክል ዴል በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ ኮምፒውተር እያሻሻለ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ክሎን፣ ማለትም የተገጣጠመ ማሽን፣ ያሠራ ሰው ማፈር የለበትም። የአንዱን አምራች ማዘርቦርድ በሌላው አምራች ኬዝ ውስጥ ስናስቀምጥ ብሎኑ ከቀዳዳው ጋር የሚገጥመው፣ ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቲኤክስ የተባለውን ልክ አውጥቶ ሌሎቹም ስለተቀበሉት ነው። መገጣጠም በዘርፉ ውስጥ ሕጋዊ ልጅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ። ማሽኑን ከመምረጣችሁ በፊት ሥራውን ለዩ።

ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ የሚጽፍ፣ ሒሳብ በፒችትሪ የሚይዝ፣ ኢሜይል የሚመልስ፣ ደረሰኝ የሚያትም ቢሮ ምንም ማስገጠም አያስፈልገውም። ለእሱ ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተነሥተው የሚመጡት ዩዝድ ማሽኖች አሉለት፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። እነዚህ ሲሠሩም ቀኑን ሙሉ በርተው እንዲውሉ ታስበው ነው። ኤስኤስዲ ከሌለው ኤስኤስዲ ይግባለት፤ ራሙ 16 ጊጋ ይሁን፤ በቃ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ወገን በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ኦፕቲፕሌክስ 7050 እና ኦፕቲፕሌክስ 7060 በመልክ ቢመሳሰሉም 7060 በሩ ውስጥ ነው፤ 7050 ደጅ ቀርቷል። ኤሊትዴስክ 800 ጂ3 እና ጂ4 ላይም ልዩነቱ ያው ነው። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው!» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እናንተ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንተኛ ጀነሬሽን?» በሉት። 4ኛ ጀነሬሽን አይ7 ዴስክቶፕ በ8ኛ ጀነሬሽን አይ5 ይበለጣል። ስሙ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ ትልቅ ዋጋ የሚከፈልበት ዕቃ ገበያው ሞልቶታል።

እናንተ ቪዲዮ የምታቀናብሩት ግን ሌላ ጉዳይ ናችሁ። የእናንተ ሥራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ያ የመሥሪያ ቤት ማሽን ደግሞ እዚህ ላይ ነው የሚከዳችሁ። ፓወር ሳፕላዩ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው። «ፓወር ሳፕላይ እቀይርለታለሁ» ብትሉ የብዙዎቹ ማገናኛ የአምራቹ የብቻው ሥሪት ነው፤ ከገበያ የገዛችሁት ተራ ፓወር ሳፕላይ አይሰካበትም። ትንሹን ኬዝ ከገዛችሁም ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ካልሆነ አይገባም። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ 75 ዋት የማይበልጥና ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ ካርድ ተፈልጎ ሊገባበት ይችላል፤ ለቀላል ሥራም ይበቃል። ከዚያ በላይ ለምትፈልጉ ግን ያን ማሽን እያስታመሙ ከመኖር ከመጀመሪያው ማስገጠም ይሻላል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የሚቃወመኝ ካለ በጥያቄው ሰዓት እንነጋገራለን።

የሕንፃ ተማሪዎችም እዚህ ስላላችሁ አንድ ልጨምር። አውቶካድና ሬቪት አብዛኛውን ሥራቸውን የሚያሠሩት በአንድ ኮር ላይ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ኮር ካለው ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ይጠቅማችኋል። በብሌንደር ሬንደር የሚያደርገው፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ከለር የሚሠራው ጓደኛችሁ ደግሞ ብሩን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያውል። ሁለታችሁ አንድ ክፍል ስለምትማሩ ብቻ አንድ ዓይነት ማሽን አትግዙ። የቡድን ግዢ ቅናሽ ያስገኝ ይሆናል፤ ያገኛችሁትን ቅናሽ ግን በየሬንደሩ ትመልሱታላችሁ።

«ላፕቶፕስ?» የሚለኝ አይጠፋም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪው ራሱ አንድ ክርክር ነው፤ ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀስ ሰው ላፕቶፕ ይግዛ። ዛሬ የተጠራሁት ስለ ዴስክቶፕ ስለሆነ እዚህ ላይ አልፈዋለሁ። ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚገዛ ሰው ካለም አንድ ዓይነት የሆኑ ብራንድ ማሽኖች በጅምላ ይግዛ፤ አንዱ ሲሞት ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። ከዚህ በላይ የሚያከራክር የለውም።

ሁለተኛው ነጥቤ የዛሬው ዋና ጉዳይ ነው፤ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?

ጨርቅ ከአንዱ ሱቅ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ያሰፋችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ልብሱ ታጥቦ ሲሰበሰብ ሰፊው «ጨርቁ ነው» ይላል፤ ባለጨርቁ «ስፌቱ ነው» ይላል፤ ያጠረውን ሱሪ ለብሶ የሚዞረው ባለገንዘቡ ነው። የተገጣጠመ ኮምፒውተርም ጣጣው እዚሁ ላይ ነው።

ማሽኑን አበራችሁት እንበል። ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጥፋቱ የማን ነው? ራሙ ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል። ፓወር ሳፕላዩ በቂ ኃይል አልሰጥ ብሎም ይሆናል፤ ግራፊክስ ካርዱም ይሆናል። ምልክቱ ለሁሉም አንድ ነው። ራም የሸጠላችሁ መገናኛ፣ ማዘርቦርዱን የሸጠው መርካቶ፣ ካርዱ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ ማንን ይዛችሁ ማንን ትተዋላችሁ? እያንዳንዱ ሻጭ የሌላውን ዕቃ ይጠረጥራል። ውሸታሞች ስለሆኑም አይደለም፤ እነሱም ከውጭ አይተው ሊያውቁት አይችሉም።

ይህን የሚፈታው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ራም፣ ሌላ ፓወር ሳፕላይ፣ ሌላ ካርድ አምጥቶ አንድ በአንድ እየቀየሩ ማየት። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ለገጣጣሚ የሚከፍለው ገንዘብ ብሎን ለማጥበቂያና ገመድ ለማያያዣ ይመስለዋል። ያንን የሚያስተምር ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፤ ጠንቃቃ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ከጥሩ ገጣጣሚ የምትገዙት ከኋላው ያለውን መደርደሪያ ነው። እናንተ ቤት ትርፍ ማዘርቦርድ የለም፤ እሱ ጋ አለ። የተበላሸው የቱ እንደሆነ የሚለየው ያ መደርደሪያ ነው።

ስለዚህ ራሳችሁ ለመገጣጠም ስታስቡ «እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ትችላላችሁ። «ሲበላሽ ደንበኛዬን ስንት ቀን ማስጠበቅ እችላለሁ?» በሉ። የሠርግ ቪዲዮ ተቀብሎ ለቅዳሜ አስረክባለሁ ያለ ሰውና ማታ ማታ ጌም የሚጫወት ሰው መልሳቸው አንድ አይደለም። ሁለተኛው ራሱ ይገጣጥም፤ ሲበላሽም ይማርበታል። የመጀመሪያው ግን ስልክ ደውሎ «ና» የሚለው አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

የአምራች ዋስትናስ? በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በካርቶን የሚሸጥ የኢንቴል ፕሮሰሰር እንደ ደንቡ 3 ዓመት አለው፤ ብዙ የራም አምራቾች የዕድሜ ልክ ዋስትና ይጽፋሉ፤ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ጥያቄው ወረቀቱ ቦሌን ተሻግሮ ይመጣል ወይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች መርጋት አቅቷቸው ሲያስቸግሩ ኩባንያው በካርቶን ለተሸጡት ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል። ደግ አደረገ። ያው ፕሮሰሰር ያለ ካርቶን፣ ያለ ደረሰኝ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያገኘው ሰው ግን ምን ይዞ ይጠይቃል? ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣላችሁ ካርድም እንዲሁ ነው። እዚያ ያሉ መደብሮች ዕቃ የሚመልሱበት ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ ዘመድ ደግሞ ዓመት በዓል ጠብቆ ነው የሚመጣው። ካርቶኑ ተከፍቶ ብልሽቱ ሲታወቅ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ብራንድ የሚገዛ ሰው «ይኸው፣ እኔ አንድ አድራሻ አለኝ» ብሎ ይኮራል። እውነቱን ነው፤ ግን ያን አድራሻ ሄዶ ይየው። አገር ውስጥ ጥገና የሚሰጥ ወኪል ከሌለው፣ ወይም ማሽኑ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ሆኖ ወኪሉ የማይቀበለው ከሆነ፣ የገዛው አርማ ብቻ ነው። ክሎን አሠርቶ የ6 ወር ዋስትና በጽሑፍ የያዘ ሰው ተጠያቂ የሌለው ብራንድ ከያዘው በተሻለ ይተኛል።

ሦስተኛው ነጥቤ የአገራችን ነው። በውጭ ቋንቋ የተዘጋጁ ቪዲዮዎችን አይታችሁ የዕቃ ዝርዝር ስታወጡ ሁለት ነገር ይጎድላችኋል፤ የእኛ መብራትና የእኛ አየር።

ከመብራቱ እንጀምር። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፤ አሜሪካ 120 ቮልት ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ፓወር ሳፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው አውቀው ይቀበላሉ። ነገር ግን በጀርባቸው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያለባቸው፣ 115 እና 230 የተጻፈባቸው አሁንም አሉ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ ግድግዳው ላይ ከሰካችሁት የምትሰሙት ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በስጦታ የመጣ ማሽን በደስታ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይታይ። ልጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ይህን ለእናንተም ነው የምለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰኪው እናንተ ናችሁ።

መብራቱ ሲሄድ ከሚያደርሰው ጉዳት ሲመለስ የሚያደርሰው ይከፋል፤ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። የገጣጠማችሁትን ማሽን በጣም ከምታስቡበት ካርድ ይልቅ የሚያድነው ማንም የማያስበው ፓወር ሳፕላይ ነው። ገበያው ላይ «500 ዋት» የተጻፈበት ቀላል ሣጥን በርካሽ ታገኛላችሁ። አንሱትና መዝኑት። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ፤ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፒር ይላል? 40 ቢል፣ 12 ጊዜ 40 ማለት 480 ዋት ነው፤ የተጻፈው ይታመናል። 18 ካለ ግን 216 ዋት ነው፤ የቀረው ቀለም ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው 80 ፕላስ የተባለው ምልክትም አንድ ማስረጃ ነው፤ ምልክቱን አስመስሎ የሚለጥፍ ስለማይጠፋ ግን ብቻውን አትመኑት።

ዩፒኤስ ላይም እንዲሁ ሰው ይሳሳታል። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ 650 ዋት አይሸከምም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው የዚያን 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ይኸውም 390 ዋት አካባቢ። አርቲኤክስ 4060 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 115 ዋት ይወስዳል፤ አርቲኤክስ 3060 170 ዋት። ፕሮሰሰሩንና ስክሪኑን ደምሩበት። ዩፒኤስ የሚገዛው ሥራ ለመቀጠል አይደለም፤ ፋይል አስቀምጦ በደህና ለማጥፋት ነው። መብራት ከሄደ በኋላ ሬንደሩን ልጨርስ የሚል ሰው ባትሪውን ይጨርሳል። ይህ ሁሉ ወጪ የኮምፒውተሩ ዋጋ አካል ነው። «ማሽኑ ይህን ያህል ወጣበት» ብሎ ስታቢላይዘሩንና ዩፒኤሱን ያልደመረ ሰው ሒሳቡን ገና አልጨረሰም።

አሁን አየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው ጥግግቱ። ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው፤ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አምስተርዳም ወይም ዱባይ ተቀምጦ «ይህ ኩለር ለዚህ ፕሮሰሰር ይበቃል» የሚለው ሰው የእኛን ከፍታ አላሰበም። በእርግጥ የከተማችን አየር ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ከቀጭንነቱ ያጎደለውን በከፊል ይመልስልናል። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው ናችሁ፤ አየራችሁ ከእኛ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ግን ያን ጥቅም ይበላዋል። ለሁለታችሁም ምክሬ አንድ ነው፤ ኩለሩን ከሚመከረው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፤ ኬዙ ፊቱ ወንፊት ይሁን፤ መስታወት ብቻ አይሁን። በውኃ የሚቀዘቅዘውም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአየር ስለሆነ ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በዚያ ላይ ፓምፑ ሲሞት መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት አለ። እኔ በአየር የሚቀዘቅዘውን እመርጣለሁ።

የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም ከፍታ ይፈራል። ብዙዎቹ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ናት፤ ደብረ ብርሃንም በታች ናት፤ ከዚያ ከፍ ባሉት የሰሜን ሸዋ አምባዎች ላይ ስቱዲዮ ልክፈት የሚል ካለ ግን ኤስኤስዲ ይያዝ። አቧራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማጣሪያ ያለው ኬዝ፣ በየጊዜው የሚያጸዳው ሰው፤ ከዚህ በላይ አልናገርበትም።

አራተኛው ነጥቤ ገበያው ነው፤ ቶሎ ላሳጥረው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኮምፒውተር ዕቃ በሙሉ በዶላር ነው የሚገባው። ይህ ማለት «ዛሬ ማዘርቦርዱን፣ ከሦስት ወር በኋላ ካርዱን» የሚለው የቆየ ስልት እንደ ድሮው አይሠራም፤ በመካከሉ ዋጋው ይሸሻል፤ ቀድሞ የተገዛው ማዘርቦርድም ሳይሞከር የዋስትና ጊዜው ያልቃል። ብሩ እስኪሟላ ጠብቃችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ወይም አሁን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የሚሠራ ሙሉ ማሽን ገጥማችሁ ካርዱን ሌላ ጊዜ ጨምሩ።

ራም ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ አምራቾቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት እያዞሩ በመሆናቸው የዓለም ዋጋው በጣም ንሯል። ማይክሮን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ሸማች የሚሸጠውን ሥራ እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህ የመገጣጠምን የዋጋ ብልጫ ያጠብበዋል። ራሙ ውስጡ ያለ ዩዝድ ማሽን ከዚያ በፊት ከነበረው ይበልጥ ክብር አግኝቷል። እንዲያውም «ራሙን አውጥቼ ልሽጥልህ» የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ አትገረሙ።

ከውጭ የሚመጣላችሁን በተመለከተ፤ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ ትንንሽ ስለሆኑ ዘመድ አይከብደውም። የዘመድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ለእናት የሚላከው ጫማም እዚያው ውስጥ ነው። ኬዝና ስክሪን እዚሁ ግዙ። ፓወር ሳፕላይ ይከብዳል፤ እዚህ ጥሩውን ካጣችሁ ግን ለምኑትና ያምጣላችሁ። ኤኤም4 በሚባለው መሰኪያ የሚገባ ፕሮሰሰር እግሮቹ ከራሱ ላይ ስለሆኑ ከነፕላስቲክ ማቀፊያው ካልመጣ ይጣመማል። ሙሉ ማሽን የሚላክ ከሆነም ከባዱ ግራፊክስ ካርድ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል፤ ተሰክቶ ከመጣ በመንገድ ሲንገላታ ማዘርቦርዱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ለእናንተ ለሥራ ለምትገዙት የምመክረው መካከለኛው መንገድ ነው። ዝርዝሩን ራሳችሁ ጻፉ፤ ዕቃውን ሁሉ ከአንድ ሱቅ ግዙ፤ ሱቁ ይግጠመው። ለየብቻ ብትለቅሙት ጥቂት ሺህ ብር ሊቀርላችሁ ይችላል፤ ያቺን ብር ለአንድ ተጠያቂ እንደ ከፈላችሁ ቁጠሩት። ደረሰኙ ላይ «ኮምፒውተር 1» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። የማዘርቦርዱ፣ የካርዱ፣ የኤስኤስዲው፣ የፓወር ሳፕላዩ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር በየመስመሩ ይስፈር፤ ዋስትናው ለስንት ወር እንደሆነ፣ ቢበላሽ ዕቃ ይቀየራል ወይስ ይጠገናል የሚለውም ይጻፍ። ባለሱቁ «በመተማመን ነው» ካላችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ እስክሪብቶውን አቀብሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ማሽኑ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሥራ። ካርዱን ጂፒዩዚ በሚባለው ፕሮግራም እዩት፤ ስሙ ተቀይሮ አሮጌው አዲስ የተባለበትን ካርድ ያጋልጣል። ዲስኩን ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እዩት፤ «አዲስ» የተባለው ዲስክ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ሠርቶ ይገኛል። ኬዙ ክድኑ ተዘግቶ፣ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በአንድ ላይ ሙሉ ሥራ ተጭኖባቸው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ክፍት ኬዝ ላይ የተደረገ ሙከራ ሙቀቱን ይደብቃል። እናንተም አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቡና ጠጡ፤ አትቸኩሉ። «መብራት ይበላብኛል፣ ሌላ ደንበኛ አለብኝ» ብሎ ይህን ግማሽ ሰዓት የሚከለክላችሁ ሱቅ፣ ከስድስት ወር በኋላ ጥቁር ስክሪን ይዛችሁ ስትመጡ እንዴት እንደሚቀበላችሁ ዛሬውኑ ነግሯችኋል። ብራችሁን ይዛችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።

የእኔ ይኸው ነው፤ አሁን ማይኩን ለእናንተ ልስጥ። ከኋላ እጁን ያወጣው ወጣት የኦፕቲፕሌክስ ባለቤት ይመስለኛል፤ ከእሱ እንጀምር።